አራት ፊት፣ አምስት ስም

አሚዶ የነካው ሸሚዝ ላይ ትኩስ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ብዙ ሰው ወደ ልጅነቱ ይመልሰዋል። እኔን የሚመልሰኝ ግን ወደ አንድ በረንዳ ነው። በረንዳው በአትላንታ ምዕራባዊ ክፍል የነበረ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ሁለት ተወዛዋዥ ወንበሮች ብቻ የሚይዝ ነበር። በአንደኛው ወንበር ላይ አንዲት ሴት እንደ ወረቀት የደረቀ ነጭ አንገትጌያቸውን በጣታቸው እየነካኩ፣ “ስሜን ማን ብለህ ነው የምትጽፈው?” ብለው ጠየቁኝ። ጋዜጠኛ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ከእኔ ጥያቄዎች ይልቅ ይህ የእሳቸው ጥያቄ ነው አብሮኝ የቆየው።

ሽታው ባለፈው ማክሰኞ በአትላንታ ዳርቻ ባለችው ስማይርና ውስጥ አገኘኝ። እኔ የምኖረው ሊቶኒያ ነው፤ ሸሚዝ ለማስተኮስ ከተማውን አቋርጦ ስማይርና ድረስ መንዳት እብደት ነው ትላለች ባለቤቴ ብርቅነሽ፣ እውነቷን ነው። ነገር ግን የልብስ ማጽጃው ባለቤት ሰብለ አንገትጌን በአሚዶ ማቆም የሚያውቁ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ናት። ስደተኛ ሆና መጥታ፣ በሰው ማሽን ላይ አስር ዓመት ሠርታ፣ አሁን የራሷን ሱቅ ይዛለች።

“ጋሼ፣ እርስዎን የሚፈልግ ሰው አለ” አለችኝ ሸሚዞቼን እየሰቀለች።

“ፖሊስ ካልሆነ ይምጣ።”

“ፖሊስ ይሻልዎት ነበር። ከስተመሬ ናቸው፣ ሚስ ሎሬታ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት። አሮጊት ናቸው... ማለቴ አሮጊት እንኳን አይደሉም፣ በእርስዎ ዕድሜ ናቸው።”

“ገባኝ ሰብለ። አሮጊት ናቸው።”

እየሳቀች ከባንኮኒው ሥር ላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ጋዜጣ አወጣች። ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል። አንድ ሬቨረንድና አራት ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ባርኔጣና ነጭ ጓንት አድርገዋል። ከሥሩ የተጻፈው መግለጫ የሬቨረንዱን ሙሉ ስም ይሰጥና “ከሰልፉ ሴቶች ጋር” ብሎ ያበቃል። ከመግለጫው ቀጥሎ ያለው የጸሐፊው ስም የእኔ ነው።

ያ ጋዜጣ የእኛ ነበር። ስምንት ገጽ፣ ሰባቱ አማርኛ፣ የመጨረሻው እንግሊዝኛ። ቢሮው ከጎማ መጠገኛ በላይ ነበረና ታች መዶሻ ሲመታ ላይ የጽሕፈት መኪናው ይዘል ነበር። ዘመኑን በዓመት ቁጥር ማስቀመጥ አልፈልግም፤ ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች የነበረበት፣ አዲስ አበባ አምስት ደቂቃ ለመደወል የሁለት ቀን ምሳ የሚተውበት ጊዜ ነው። ሴቶቻችን ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ወንዶቹ ደግሞ ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የገዛነው ሱፍ እጅጌው እስከ ጣታችን ይደርስ ነበር። ካሴት ከካሴት ከመቀዳቱ ብዛት ዘፋኙ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ቀን ቀን መሀል ከተማ በአንድ ሆቴል ሥር የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ እውላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጋዜጣው። ዛሬ ልጆቼ ለአንድ ሲኒ መጠጥ የሚከፍሉትን ሳይ ያኔ በዚያው ብር የሳምንት ሽንኩርት፣ ዘይትና ሩዝ እንገዛ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። “ዳድ፣ ላይክ፣ አሁን ያኔ አይደለም” ይሉኛል። ትክክል ናቸው።

አንድ ነገር ግን ያኔ ያሳስበኝ ነበር። ምሳዬን ከምበላበት መደብር ውስጥ ረጅም ባንኮኒና የሚሽከረከሩ ወንበሮች ነበሩ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ብዙም ባልራቀ ጊዜ በዚያ ዓይነት ወንበር ላይ ጥቁር ሰው ተቀምጦ መብላት ይከለከል እንደነበር ሰማሁ። እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ተቀምጬበታለሁ። ወንበሩን ማን አስለቀቀልኝ? አብሮኝ መኪና የሚያቆመው ሰው ሳቀብኝ። “መጽሐፍ ላይ ያሉትን ወንዶች ሁሉም ያውቃቸዋል። አንተ ሚስ ኧርሊንን ጠይቅ” አለኝ።

“ሚስ” ብሎ የመጀመሪያ ስም መጥራት ደስ አለኝ። በዚህ በአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ትልልቅ ሴቶችን በመጀመሪያ ስማቸው፣ ግን በማዕረግ ይጠራሉ፤ ወይዘሮ እገሊት እንደማለት ነው። አገሬን ያገኘሁ መሰለኝ። ስህተቴም ከዚህ ጀመረ።

ሚስ ኧርሊን ያኔ ወደ ሰባ የሚጠጉ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ስለራሳቸው ሳይሆን ስለ አያታቸው አወሩኝ። አያታቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ባርነት ከቀረ ብዙም ሳይቆይ የዚህ ከተማ ልብስ አጣቢ ሴቶች ተመካክረው ሥራ አቆሙ። ለሸክም ልብስ የሚከፈለው ዋጋ አንድ እንዲሆንና ዋጋውንም ራሳቸው እንዲወስኑ ነበር የፈለጉት። ስልክ የለ፣ ጋዜጣ የላቸው፤ ከበር ወደ በር በእግራቸው እየሄዱ ነው ያደሙት። “የከተማው ሸሚዝ በሙሉ እንደቆሸሸ ተቀመጠ” አሉና ሚስ ኧርሊን ሳቁ። “ባለሥልጣኖቹ የሚለብሱት አጥተው እንዴት ስብሰባ እንደገቡ አያቴ ስትነግረኝ በእንባ እየሳቀች ነበር።” አሚዶ ያቆመው አንገትጌያቸው የአያታቸው ትምህርት ነው። ሁለተኛው ታሪክ የእሳቸው ዘመን ነው፤ ከመሀል ከተማ መደብሮች ፊት ለፊት የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መፈክር ይዘው፣ በብርድ ወዲያና ወዲህ የተመላለሱበት።

በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ ሙሉ ስማቸውን፣ ከዚያ በኋላ በእኛ ደንብ በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ፤ ኧርሊን አለች፣ ኧርሊን ሄደች። ለእኛ የሰው ስም ማለት እሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ነው። ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ቀን ስልክ ጮኸ።

“ሚስተር ደስታ?”

ደስታ አባቴ ነው። እግሩ አሜሪካን ሳይረግጥ እዚህ ብዙ ስልክ ተደውሎለታል።

“አቤት፣ ሚስ ኧርሊን።”

“አስራ አንድ ቦታ ላይ ኧርሊን ብለኸኛል። ቆጥሬዋለሁ።”

“ስምዎ አይደለም እንዴ?”

“ነገ ና። እስክሪብቶህን ይዘህ ና” ብለው ዘጉት።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ያ ጥያቄ ጠበቀኝ። ስሜን ማን ብለህ ነው የምትጽፈው? መልስ ሳልሰጥ እሳቸው ቀጠሉ። “አያቴ አሮጊት ሆና ሳለች፣ ልብሱን የምታጥብለት የሰባት ዓመት ነጭ ልጅ በስሟ ይጠራት ነበር። እናቴንም እንዲሁ። እኔን ጫማ የሚሸጥልኝ ጎረምሳ እንዲሁ። ‘ሚስስ’ የምትባለዋን የባለትዳር ሴት ማዕረግ ጋዜጦቹ ለነጭ ሴት ይጽፏታል፣ ለእኛ ሲደርሱ ቀለም ያልቅባቸዋል። እኛ ለወንበሩ ብቻ የተሰለፍን ይመስልሃል?”

ይቅርታ ጠየቅሁ። የአገሬን ደንብ አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ የማወቅ ፍላጎታቸው ከቁጣቸው ይበልጥ ነበር።

“ታዲያ በእናንተ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም?”

“አትወስድም። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምትጠራው በአባቷ ነው።”

“ሚስትህ የአባቷን፣ እኛ የባላችንን። የእናት ስም የት ሄደ?”

እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

“ታዲያ ሚስስ ኸርበርት ቴት ብዬ ልጻፍ?” አልኩ። ያኔ ባለትዳር ሴት በወግ የምትጻፈው እንደዚያ፣ በባሏ ሙሉ ስም ነበር።

“ኸርበርት ያን ቀን የት እንደነበረ ታውቃለህ? ባቡር ጣቢያ ሥራ ላይ! አይ፣ ሚስስ ኧርሊን ቴት ብለህ ጻፍ። ሚስሷ የራሴ ናት፣ ታግዬላታለሁ። ኧርሊን እናቴ ያወጣችልኝ ነው። ቴት የኸርበርት ነው፣ እሱም ጥሩ ሰው ነበር።”

ከዚያ ፎቶውን ከአልበም አወጡና ከግራ ወደ ቀኝ ስም አስያዙኝ። ስለ እያንዳንዷ ሴት የሚናገሩት ነበራቸው። ሁሉንም በአማርኛ ጻፍኩ። ለሚቀጥለው እትም እርማት አዘጋጀሁ፤ ፎቶው፣ የሚስ ኧርሊን ስም በትክክል፣ ከሥሩም የሴቶቹ ሁሉ ስም። የተተየበውን ወረቀት እየቆረጥን ገጹ ላይ በሰም ስናጣብቅ የአንድ የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ደረሰ። ቦታ ጠበበ። መቀሱን አንስቼ የፎቶውን መግለጫ ሁለት መስመር ቆረጥኩ። የሬቨረንዱ ስም ከላይ ስለነበረ ተረፈ። ለሚስ ኧርሊን ጋዜጣውን ስወስድላቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ቦታ ጠቦህ ነው?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ሁሌም ይጠባል” አሉ፣ ጋዜጣውን በጥንቃቄ አጠፉት፣ ከዚያም ስለ ሌላ ነገር አወራን። ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ሰብለ ደውላላቸው ሚስ ሎሬታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ገና ሳይቀመጡ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። አራተኛዋ ሴት ፊቷን የባርኔጣው ጥላ ጋርዶታል፤ የሚታየው አገጯና ኮቷ ብቻ ነው።

“እናቴ ናት” አሉ። “ሩቢ ፐርኪንስ። ኮቱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከታች ያለው ቁልፍ ከሌሎቹ ይተልቃል፣ አዩት? አንዱ ጠፍቶባት ከአባቴ ካፖርት ነቅላ የተከለችው ነው።”

እናታቸው የሞቱት ሚስ ሎሬታ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ነው። በእጃቸው ያለው የእናታቸው ፎቶ አንድ፣ እሱም በሕመም አልጋ ላይ የተነሳ ነው። አሁን ያ ቤተ ክርስቲያን ትልቁን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል፣ ከሥሩም ስም የተቀረጸበት ናስ ሊያኖር ነው። የሴቶቹን ስም የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው ማስረጃ ካልመጣ “ሬቨረንዱ ከሰልፉ ሴቶች ጋር” ብሎ ሊቀርጽ ወስኗል፤ ከየት እንዳገኘው ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እኮ ሰንደይ ነው” አለች ሰብለ። “ሐሙስ ፕሌቱን ኦርደር ያደርጉታል።”

“የእርስዎ ቃል ይበቃቸዋል፣ ሚስተር ደስታ” አሉ ሚስ ሎሬታ። “ኮሚቴዎቹ ‘ጋዜጠኛው እሳቸው ናቸው፣ ከጻፉልን እንቀበላለን’ ብለዋል። አንድ መስመር ብቻ። አራተኛዋ ሩቢ ፐርኪንስ ናት ብለው ይፈርሙልኝ።”

እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። “መጀመሪያ ማስታወሻዬን ልይ” አልኩ።

ብርቅነሽ ጋራዥ ውስጥ በካርቶኖች መካከል ስታገኘኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። “ጋራዡን ክሊን አድርግ ስልህ ሃያ ዓመት ወገቤን ያልከኝ ሰውዬ፣ ዛሬ ወገብህ ዳነ?”

“ሥራ ነው።”

“ጡረታ ወጥተህ የለ እንዴ? ቆይ፣ ያንን አትርገጠው፣ የልጆቹ ነው።” ይህን እያለች ባትሪውን የያዘችልኝ እሷ ናት።

የድሮ ደብተሮቼ ሁሉ መጨረሻቸው ላይ የስም ማውጫ አላቸው፤ በፊደል ተራ፣ በመጀመሪያ ስም። እዚህ አገር ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይሳለቁብኝ ነበር። ይሁንና በባል ስም ብፈልግ ኖሮ አንዷንም አላገኝም ነበር። ረ ሥር ሩቢ አለች። ገጹን ገለጥኩና አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

“ምን ሆንክ?” አለች ብርቅነሽ።

“የተጻፈው ሴትየዋ የሚፈልጉት አይደለም።”

“ታዲያ የተጻፈውን ነዋ የምትነግራቸው” አለች፣ ሌላ ነገር ማሰብ እንዴት እንደሚቻል የገረማት መስላ።

ረቡዕ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሰብለ ማሽኑን አጠፋች። ለሚስ ሎሬታ አራተኛዋ ሴት እናታቸው እንዳልሆኑ፣ ኦፓል የምትባል ሌላ ሴት እንደሆነች በአጭሩ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በረጅሙ አይነገርም። ፊታቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ብቻ ከፎቶው ላይ ተነሳ።

“ኮቱ ግን...” አሉ።

“ስለ ኮቱም ተጽፏል።”

“ያንብቡልኝ። መጀመሪያ እንደጻፉት በቋንቋዎ። እናቴ እንዴት እንደተጻፈች ልስማ።”

አነበብኩላቸው። “ሩቢ ፐርኪንስ። ፎቶው ላይ የለችም። የአራቱንም ሴቶች ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር ቤቷ ሰብስባ ይዛለች። አስራ አራት ልጅ። እሷ ባትይዝልን አንዳችንም አንወጣም ነበር ብለዋል ሚስ ኧርሊን። ኦፓል የክት ኮት ስላልነበራት ሩቢ የራሷን አውሳታለች።” ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

ሚስ ሎሬታ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሰብለ ውሃ አመጣች፤ አልጠጡትም።

“ስድስት ዓመቴ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ቤቱ በልጅ ተሞልቶ አልጋ ሥር ሁሉ ተኝተን ነበር። ብርድ ነው። እናቴ በቀሚስ ብቻ ወጥታ ከጓሮ እንጨት ስታመጣ አየኋት። ‘እማዬ፣ ኮትሽስ?’ አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‘ኮቴ መሀል ከተማ ሄዷል። ሥራ ይዟል’ አለችኝ።” ቀና ብለው አዩኝ። “ይህን ዘመን ሁሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።”

ጋዜጠኛ ሁለተኛ ምንጭ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ማስታወሻዬን የሚያረጋግጥልኝ ሰው እንዲህ ባለ ሁኔታ አግኝቼ አላውቅም።

“አሁን ምን እናድርግ?” አለች ሰብለ። “አራቱን ስም እንላክላቸው?”

“አምስት” አሉ ሚስ ሎሬታ።

ወዲያው ለኮሚቴው ዲያቆን ደወሉ፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ ከፈቱት። ስሞቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሚስስ ኧርሊን ቴት፣ ሚስስ ማቲ፣ ሚስስ ሉሲል፣ ሚስስ ኦፓል፣ የሁሉንም እስከ ቤተሰብ ስማቸው። በመጨረሻም ሚስስ ሩቢ ፐርኪንስ።

“ፎቶው ላይ ያሉት አራት ናቸው እኮ” አለ ዲያቆኑ። “ሰው ሲቆጥር ስህተት ይመስለዋል።”

“ይምሰለው” አሉ ሚስ ሎሬታ። “ይጠይቅ።”

እሑድ ዕለት እኔና ብርቅነሽ ከራሳችን ቅዳሴ ወጥተን በቀጥታ ሄድን። እሷ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ እኔ ሰብለ የተኮሰችውን ሸሚዝ። ናሱ አዲስ ስለሆነ ያብረቀርቃል። አምስቱም ስሞች አሉ፤ በሁሉም ፊት ያቺ የተታገሉላት ቃል አለች። ሚስ ሎሬታ ነጭ አንገትጌ አድርገው ከፎቶው አጠገብ ቆሙ። ንግግር ተደረገ፣ ስለ ሬቨረንዱ ብዙ ተባለ፣ ተዘመረ። ከዚያ ሰዉ እየመጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ሚስ ሎሬታን አቅፎ ይስማል፣ ታች ወደተዘጋጀው ምግብ ይወርዳል። የሚቆጥር አልነበረም። አስር ደቂቃ ሄደ፣ ሃያ ሄደ። የተጠበሰ ዶሮ ሽታ ሰዉን እየጎተተ ነው። ሚስ ሎሬታ አሁንም ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ እጃቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከፍቶ ይዘጋል።

በሥራ ዘመኔ ራሴን ወሬ ውስጥ ላለማስገባት ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ። ብርቅነሽ በክርኗ ነካችኝ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ደብተርም እስክሪብቶም አለ። ወደ ፊት ሄድኩና አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ ያኔ መቀሱን ባላነሳ ኖሮ አንባቢ ይጠይቀው የነበረውን ጠየቅሁ።

“ሚስ ሎሬታ፣ ይቅርታ። ስሞቹ አምስት ናቸው፣ ፊቶቹ አራት። አምስተኛዋ የት ነበሩ?”

ወደ ምግቡ ይወርድ የነበረው ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። ዞሮ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

“እናቴ ቤት ነበረች” አሉ ሚስ ሎሬታ፣ እንደ አስተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ከአስራ አራታችን ጋር። ኮቷን ግን ልካዋለች። ኑ፣ ቀረብ በሉና የታችኛውን ቁልፍ ተመልከቱ።”

ሰዉ አንድ በአንድ እየተመለሰ፣ ወገቡን እያጎነበሰ፣ ቁልፉን ማየት ጀመረ።